ልጆችን ገንዘብ ማለማመድ፦ እኛ ቤት እንዴት እንደምናደርገው

ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ያለው ቤታችን ውስጥ ብር መቁጠር እየቀረ ነው። ከታክሲና ከጉሊት በቀር ብዙው ክፍያ በስልክ ሆኗል። ልጆቼ የሚያዩት እናታቸው ስልክ ስትነካካ ብቻ ከሆነ፣ ብሩ ከየት መጥቶ የት እንደሄደ በምን ያውቃሉ? ስለዚህ መጀመሪያ ወጪው ይታያቸው። ከፍዬ እንደጨረስኩ ስልኩን ለ9 ዓመቱ ልጄ እሰጠዋለሁ፤ የተከፈለውንና ቀሪውን ጮክ ብሎ ያነባል። የሚስጥር ቁጥሩን ግን እኔው ነኝ የምመታው።

ትንንሾቹን በጥሬ ብር ጀምሩላቸው። የ6 ዓመቷን ልጄን ሱቅ ስልካት የማዛት አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሁለት ከሆነ መልሱ ይምታታባታል። ከመውጣቷ በፊት "መልሱ ስንት ነው?" እላታለሁ። ቀድማ ካወቀችው ባለሱቁ ፊት አትደናገርም። ታክሲ ውስጥም ሒሳብ የሚከፍለው ልጅ ይሁን። ወደ ቃሊቲ ስንሄድ የሦስት ሰው ስንት እንደሚሆን ልጄ ረዳቱ ሳይጠይቅ አስልቶ ይጠብቃል።

ቆጣሪያችሁ የካርድ ከሆነ ጥሩ መማሪያ ነው። ትልቋ፣ የ13 ዓመቷ፣ ካርድ በተሞላ ቁጥር መጠኑን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ እንጀራ ከተጋገረ በኋላም ቀሪውን ታያለች። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ብዙ የተጠቀመ ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ይህንን በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደንብ ይረዳዋል።

ከሁሉም አብልጬ የምመክራችሁ የቤት ዕቁብ ነው። አምስት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዳችን 10 ብር እንጥላለን፤ ልጆቹም ከኪስ ገንዘባቸው ነው የሚያወጡት። ዕጣ የወጣለት 50 ብሩን ይወስዳል። ትልቋ ፀሐፊ ናት፤ ዳኝነቱ በየዙሩ ይፈራረቃል። ቁም ነገሩ መጀመሪያው ዕጣ ላይ ነው። መጀመሪያ የደረሰው ልጅ የጣለው 10 ብር ነው፤ 40ው ብድር ነው፣ በቀሩት አራት ሳምንታት ይከፍለዋል። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሲያጠራቅም ነው የከረመው። ይህንን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩአቸው። ከዚያ እንደ ሰፈር ዕቁብ ሁሉ ባለዕጣው ዋስ ይጥራ። ትንሿ እኅቷን "ዋስ ሁኚኝ" ብላ ስትለምን፣ ትልቋም "ካልጣልሽ ከፋይዋ እኔ ነኝ፤ ሁሉንም ከረሜላ እንዳትገዢበት" ስትላት ብትሰሙ ለምን ይህን ያህል እንደምወደው ይገባችኋል። አንዱ ሳይጥል ቢቀር ወላጅ አይሙላለት። ዋሱ ይክፈልና ሁለቱ ይነጋገሩ። ጭካኔ አይደለም፤ ሰው አምኖት ዋስ የሆነለትን አለማሳፈር በ10 ብር ቢማሩት ይሻላል።

ሳህን ላጠበ፣ ቤት ለጠረገ ብር አልከፍልም። የቤት ሥራ የሁላችንም ነው።

ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ ብለው፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብለው ያገኙትን ግን አትንኩባቸው። የለፉበት ነው፤ ከጓደኞቻቸውም ጋር ራሳቸው ይካፈሉ። እኔ የምጠይቀው ከድርሻቸው ምን ያህሉን ለትምህርት ቤት መክፈቻ እንዳስቀሩ ብቻ ነው።

ጠቀም ያለ ሲሆን ባንክ ይግባ። በወላጅ በኩል የሚከፈት የልጆች ቁጠባ አለ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎት ነበር፤ በዚያ ስሌት 1,000 ብር በዓመት 70 ብር ይወልዳል። ወለድ የማትወስዱ ከወለድ ነፃ የሆነውን መጠየቅ ትችላላችሁ። የጤፍ ዋጋ ከወለዱ በላይ ሊጨምር እንደሚችልም አብራችሁ ንገሯቸው፤ ደብተሩ ለመስከረም የሚፈለግ ከሆነ ቀድሞ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

እጅ ሲያጥርም አትደብቁ። "በዚህ ወር ለሥጋ የሚሆን የለንም፤ ከቀረው ምን እናስቀድም?" ብዬ አስቀምጬ አማክራቸዋለሁ፤ የሚያመጡት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያስደስተኛል። የቤት ኪራይና የብድር ጭንቀት ግን ለልጅ አይወራም፤ እሱን ከተኙ በኋላ ከአባታቸው ጋር እንነጋገርበታለን።