አልጀብራ ይችላል ግን ውድድር ላይ ነጥብ ይጥላል፦ ችግሩና መፍትሄው

እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ኤኤምሲ 8 እና ማዝካውንትስ ለሚባሉት የአሜሪካ የሂሳብ ውድድሮች አስጠናለሁ። ቅንፍ መፍታት፣ ኤክስን ለብቻ ማውጣት ምናምን ክፍል ውስጥ ተምረውታል ብዬ ልለፈው። የማወራው ሁሉን እየቻለ ስለሚሳሳተው ልጅ ነው።

ችግር፦ ስሌቱ በሙሉ ልክ፣ መልሱ ስህተት

ምክንያቱ የተጠየቀውን አለመመለስ ነው። ሌላው ስህተት ሁሉ ቢደመር ይሄን አያክልም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ 3 እስክሪብቶና 5 ደብተር 21 ዶላር፣ 5 እስክሪብቶና 3 ደብተር 19 ዶላር፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ደብተር አንድ ላይ ስንት ነው? አንዷ ተማሪዬ ገጹን ሞልታ ሰራችው፣ አንዱን በ3 አንዱን በ5 አባዝታ ቀንሳ እስክሪብቶው 2 ዶላር መሆኑን አገኘችና ደስ ብሏት 2ን አክብባ አለፈች። ምርጫው ውስጥ 2 አለ፣ 3 አለ፣ 5ም አለ። ጥያቄ የሚያወጡት ሰዎች ልጅ የት ጋ እንደሚያቆም ጠንቅቀው ያውቃሉ። እንደገና አንብቢልኝ አልኳት፣ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቷ ቀጥ አለ፣ ከዛ ምንም ማለት አላስፈለገኝም።

መፍትሄው፣ እርሳስ ስሌት ከመንካቱ በፊት የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አስምሩበት፣ መስሪያ ወረቀቱ አናት ላይ ደግሞ "እስክሪብቶ + ደብተር = ?" ብላችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ያንን ነገር በቀጥታ ማግኘት ይቻል እንደሆነ እዩ። ሁለቱን መስመር ስትደምሩ 8 እስክሪብቶና 8 ደብተር 40 ዶላር ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ ላይ 5። አለቀ።

ይሄው በሽታ ጎበዞቹ ላይ ሲመጣ ይብሳል። ኤክስ + ዋይ = 10፣ ኤክስ × ዋይ = 20፣ ኤክስ² + ዋይ² ስንት ነው? አንድ ልጅ አለኝ ኳድራቲክ ፎርሙላ በቃሉ የሚያውቅ፣ ቀጥታ ገባበት፣ 5 ሲደመር የ5 ስኩዌር ሩት፣ 5 ሲቀነስ የ5 ስኩዌር ሩት፣ ሁለቱንም ካሬ አደረገ፣ መሃል ላይ አንድ ማይነስ ጠፋችበትና ሁሉም ተበላሸ። ኤኤምሲ 8 እኮ 25 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ከ36 ሰከንድ! የኤክስና የዋይ ድምር ካሬ 100 ነው፣ ከዛ ውስጥ 2 × 20 ማለትም 40 ሲወጣ 60 ይቀራል። ኤክስ + 1/ኤክስ = 3 ሲሰጣችሁም እንደዛው፣ ካሬ አድርጉት፣ ከ9 ላይ 2 ሲነሳ ኤክስ² + 1/ኤክስ² 7 ነው። ኤክስ ለብቻው አስቀያሚ ሩት ይዞ ከመጣ እሱን እየፈለጉት አይደለም ማለት ነው፣ አቁሙና የተሰመረበትን መልሳችሁ አንብቡ።

ማዝካውንትስ ላይ ስፕሪንት የሚባለው ዙር 30 ጥያቄ ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። በሰዓት ነው ወይስ በደቂቃ፣ በዶላር ነው ወይስ በሳንቲም የተጠየቀው?

ወላጆች፣ እባካችሁ አሰራሩ ሳይኖር መልስ ብቻ ያለበትን የጥያቄ ጥራዝ ፕሪንት እያደረጋችሁ ለልጅ አትስጡ። ልጁ መልሱን አይቶ "አሃ" ይልና በሳምንቱ ያንኑ ይሳሳታል። አንዴ እንደዚህ ባለ ወረቀት ግማሽ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ስንለፋ ስህተቱ ወረቀቱ ራሱ የሰጠው መልስ ላይ ሆኖ ተገኘ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

ላጲስም አትጠቀሙ! የተሳሳተውን አንድ መስመር ሰርዙበትና ተዉት። ከጠፋ ስህተቱ የት ጋ እንደጀመረ እኔም አላገኘው፣ እናንተም አታገኙትም።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ

7 − 2(ኤክስ − 3) ውስጥ መጨረሻው +6 ነው፣ −6 አይደለም። ማይነሱ ቅንፉ ውስጥ ላለው ሁሉ ይደርሳል።

በሰዓት 30 ማይል ሄዶ በ60 ከተመለሰ አማካይ ፍጥነቱ 45 አይደለም። መንገዱን 60 ማይል በሉት፣ መሄጃ 2 ሰዓት፣ መመለሻ 1፣ በጠቅላላ 120 ለ3፣ 40 ነው።

የእድሜ ጥያቄ ላይ "ከ5 ዓመት በኋላ" ሲል 5ቱን ለልጁም ለአባቱም ደምሩ።

ኤክስ² = 5ኤክስን በኤክስ ካካፈላችሁ ዜሮን ጣላችሁት። ወደ አንድ ወገን አምጡና ፋክተር አድርጉ።

ኤኤምሲ 8 ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ባዶ የቀረውን ሁሉ ሙሉ።