ዎርድ ላይ ገጾቹ በድንገት ቢጋደሙባችሁ
በዎርድ ረጅም ማኑዋል ወይም ቴክኒካል ሪፖርት የምታዘጋጁ፣ ይቺን ያዙልኝ። ለሰፊ ሠንጠረዥ ብላችሁ አንድ ገጽ ላንድስኬፕ (አግድም) ካደረጋችሁ በኋላ፣ ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ሴክሽን ብሬክ (ሰነዱን በክፍል የሚለየውን ምልክት) ስታጠፉ ከላይ ያሉት ገጾችም አብረው ይጋደማሉ። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ አትደንግጡ። ዎርድ የአንድን ክፍል የገጽ አቀማመጥ፣ ማርጂንና ሄደር (ገጹ አናት ላይ የሚደጋገመውን ጽሑፍ) የሚይዘው በክፍሉ መጨረሻ ባለው ብሬክ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ጽሑፉ የቀጣዩን ክፍል መልክ ይወርሳል።

ወዲያው ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ ያጠፋችሁትን መልሱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 አንድ ላይ ስትጫኑ የተደበቁት ምልክቶች ይታያሉ። ጠቋሚውን ሠንጠረዡ ገጽ ላይ አድርጋችሁ፣ ከሌይአውት ኦሪየንቴሽኑን ወደ ፖርትሬት (ቁመት) መልሱ፤ ብሬኩን ማጥፋት ከዚያ በኋላ ነው። የሁለቱ ክፍሎች ሄደር የሚለያይ ከሆነ ግን ቀድማችሁ በታችኛው ሄደር ላይ ሊንክ ቱ ፕሪቪየስን (ከቀደመው ክፍል ሄደር ጋር የሚያገናኘውን) አብሩ፣ አለዚያ የላይኛው ሄደር ከብሬኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።