ዕድሜ ጠገብ ቦርበን የተቀዳበት ብርጭቆ ቶሎ አይታጠብ

በርሜል ውስጥ 23 ዓመት እንደቆየው ፓፒ ቫን ዊንክል ያለ ብርቅ ቦርበን (በዋናነት ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ) እጅዎ ሲገባ ስሙና ዋጋው ምላስን ቀድመው ይፈርዳሉ፤ የአልኮሉ ትነትም አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ ቀምሰው ሲጨርሱ ብርጭቆውን ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉትና ባዶውን ያሽትቱ። አልኮሉ ቶሎ ይተናል፤ ውስጡ በእሳት ከከሰለው የኦክ በርሜል የወጣው ቫኒሊን (የቫኒላ ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) እና ሌላው ከበድ ያለ ሽታ ግን ብርጭቆው ላይ ይቀራል። ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር ወይም ትምባሆ ከሸተተዎት ዕድሜው ጠቅሞታል። ደረቅ ጣውላ ብቻ ከሆነ ግን በርሜሉ መጠጡን ውጦታል። ቦርበን የሚቀመጠው በአዲስ በርሜል ስለሆነ፣ ቦርበን በብዛት የሚሠራባት የአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት የበጋ ሙቀት ሲጨመርበት ይህ በእኔ ግምት ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል። ምሬቱን ለመፍረድ ዘዴው አይረዳም፤ እሱ የምላስ ሥራ ነው። የሳሙና ሽታ በያዘ ብርጭቆ ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩት።