ለስኪና ለበረዶ ተራራ የሚሆን ጓንት እንዴት ይመረጣል

ለመጀመሪያ ጊዜ ስኪ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ዕቃ እዚያው ይከራያል። ጫማው፣ ስኪው፣ ዘንጉ፣ ሄልሜቱ ሁሉ በኪራይ ይገኛል። ጓንት የሚያከራይ ግን ብዙም የለም። ስለዚህ ከዴንቨር ወይም ከሲያትል ቅዳሜ ጠዋት በጓደኛ መኪና የሚወጣ ሀበሻ፣ ቤት የተገኘችውን የሹራብ ጓንት ኪሱ ከቶ ከች ይላል። ጀማሪ ደግሞ ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር በረዶው ላይ በእጁ ይደገፋል። ትንሽ ቆይቶ ሹራቡ ይረጥባል፣ ጣቱ ይቆፍናል፣ የቀረው ቀን ካፌ ውስጥ ትኩስ ቸኮሌት ሲጠጣ ያልቃል።

ይህ እንዳይደርስባችሁ ጓንቱን አስቀድማችሁ ግዙ። ስትመርጡ አንድ ነገር ያዙ፦ ከብርዱ በላይ እጅን የሚጎዳው እርጥበት ነው። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት ሙቀት ይነጥቃል። እርጥበቱ ደግሞ ከበረዶው ብቻ አይመጣም፤ ከራሳችሁ ላብም ይመጣል።

1. የምትሄዱበትን በረዶ እወቁ

ከዴንቨር በአይ 70 መንገድ የሚደረስበት ላቭላንድ የተባለው የስኪ ቦታ፣ ጫፉ 4,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በረዶው ደረቅ ነው፤ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ችግሩ ብርዱና ነፋሱ ነው። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እያሳየ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከተጨመረበት፣ ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 21 ያህል ነው። ወንበር ሊፍት (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ የሚያወጣው ወንበር) ላይ ቁጭ ብላችሁ ሳትንቀሳቀሱ ስትወጡ ይህን በደንብ ትረዱታላችሁ። እዚያ መቅደም ያለበት ሙቀትና ነፋስ አለማሳለፍ ነው።

ሲያትሎች የሚሄዱበት የስኖኳልሚ የተራራ መተላለፊያ ግን ሌላ ነው። መተላለፊያው ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነ ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ይዋልላል። በረዶው እርጥብና ከባድ ነው፤ የአገሩ ሰዎች በተራራ ሰንሰለቱ ስም ‘የካስኬድ ኮንክሪት’ ይሉታል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ዝናብ ነው። እዚያ በጣም ወፍራም ጓንት ከመግዛት፣ መካከለኛ ሆኖ ውሃ ፈጽሞ የማያስገባ መግዛት ይሻላል። ከእስራኤል ሄርሞን ለምትወጡም የማስበው ይህንኑ ነው።

2. ባለ አምስት ጣት ወይስ ሚተን?

ሚተን አውራ ጣት ለብቻው፣ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ነው። ጣቶች ሙቀት ስለሚጋሩና ለነፋስ የሚጋለጠው ገጽ ስለሚያንስ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ሁልጊዜም ከባለ ጣቱ ይሞቃል። ጉድለቱ ዚፕ መክፈትና የጫማ መቆለፊያ መዝጋት ማስቸገሩ ነው። በመሐል ደግሞ ሌባ ጣት ብቻ ተለይታ የምትወጣበት ባለ ሦስት ክፍል ጓንት አለ። ብዙም አይታወቅም እንጂ ለሁለቱም ነገር ደህና ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጀማሪና እጁ ቶሎ የሚበርደው ሰው ሚተን ይግዛ። ለልጆችማ ሌላ አማራጭ አታስቡ። አምስት ትንንሽ ጣቶችን አንድ በአንድ ጓንት ውስጥ ማስገባት በተለይ በረዶ ላይ ቆሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ሌላም ምክንያት አለ። የአሜሪካና የብሪታንያ ጦር በወታደሮቻቸው ላይ ባጠኑት መሠረት፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ወታደሮች በብርድ ጉዳት የመጠቃት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ይህ ስኪ ይቅርብን የሚያሰኝ አይደለም። ‘ጓደኛዬ በቀጭን ጓንት ይውል የለ’ ብላችሁ እንዳትዘናጉ ነው።

አገር አቋራጭ ስኪ የምትሞክሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት ስፖርት ማለት ነው። እዚያ ሰውነት እንደ ሩጫ ይሞቃል። ቀጭን፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጓንት ይበቃል፤ ወፍራሙ ላብ በላብ ያደርጋችኋል።

3. መለያው ላይ ያለውን አንብቡ

ደህና የስኪ ጓንት ሦስት ነገር አለው፦ ልባስ፣ ውሃ ከልካይ ስስ ሽፋን፣ ገበር።

‘ውሃ የሚቋቋም’ እና ‘ውሃ የማያስገባ’ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጨርቁ የተቀባ ነው ማለት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ያንከባልላል፣ ከዚያ ይጠጣል። ሁለተኛው ውስጡ እንደ ጎሬቴክስ ያለ ሽፋን አለው። የሽፋኑ ቀዳዳዎች የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። ጎሬቴክስ ስሙ ስለገነነ ዋጋው ይወደዳል። ብዙ ኩባንያዎች የራሳቸው ሽፋን አላቸው፤ ለመዝናኛ ስኪ እነሱም ይበቃሉ።

ገበሩ ፕራይማሎፍት ወይም ቲንሱሌት የሚባለው ሰው ሠራሽ ሙቀት ያዥ ከሆነ ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። የላባ ገበር ሲደርቅ የሚያህለው የለም፤ ሲረጥብ ግን ይጣበቅና ከንቱ ይሆናል። ላባውን ለደረቅ ብርድ ተዉት።

መዳፉ ቆዳ ቢሆን ጥሩ ነው። ዘንግና ገመድ በደንብ ይይዛል፣ ቶሎም አይበላም። የኛ የደጋ በግ ቆዳ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጎልፍና ለፋሽን ጓንት ይፈለጋል። ለስኪ የሚበዛው ግን የፍየልና የላም ቆዳ ነው። ከ1936 ጀምሮ ጓንት የሚሠራው የስዊድኑ ሄስትራ በፍየል ቆዳው ይታወቃል፤ ኪስ ግን ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ የስኪ ሠራተኞች የሚወዱት ርካሽ ጓንት ኪንኮ ነው። እሱ የአሳማ ቆዳ ነው፤ ለማትፈልጉ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

4. ሱቅ ውስጥ ሞክሩት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጓንቱን አጥልቃችሁ እጃችሁን ጨብጡ። መዳፉ ላይ ከያዛችሁ ወይም የጣታችሁ ጫፍ ስፌቱን ከገፋ ጠቧል። የጠበበ ጓንት ደም ያግዳል፤ ገበሩንም ይጨፈልቀዋል፣ ሙቀት የሚይዘው ደግሞ ገበሩ ውስጥ ያለው አየር ነው። ከጣት ጫፍ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ባዶውን ቦታ ስታሞቁ ትውላላችሁ።

ጓንቱን ሳታወልቁ የጃኬታችሁን ዚፕ ክፈቱና ዝጉ። ሱቁ ውስጥ ያለ የስኪ ዘንግ ያዙ። ቁልፍ ከኪሳችሁ አውጡ።

አሁን ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር። እጃችሁን በትንሽ ውሃ አርጥቡና ጓንቱን አጥልቁ፣ ከዚያ ጎትታችሁ አውልቁ። ገበሩ ከጣታችሁ ጋር ተገልብጦ ከወጣ አትግዙት። በላበ እጅ ባወለቃችሁት ቁጥር እንዲሁ ይወጣል፤ መልሶ ወደየጣቱ ማስገባት በቆፈነ እጅ የማይቻል ነገር ነው። ገበሩ ጣቶቹ ጫፍ ላይ የተሰፋ ወይም የተጣበቀ ከሆነ አይንቀሳቀስም። ገበሩ ተለይቶ እንዲወጣ ሆኖ የተሠራ ከሆነም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ማታ ቶሎ ይደርቃል።

አውራ ጣቱ ጀርባ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ካለ አትገረሙ። ንፍጥ መጥረጊያ ነው። ብርድ ላይ አፍንጫ መፍሰሱ አይቀርም፣ ታመሰግኑታላችሁ።

5. አንገቱንና ማሰሪያውን እዩ

ረጅም አንገት ያለው ጓንት ከጃኬት እጅጌ በላይ ይለበሳል። ብዙ ለሚወድቅና በጥልቅ በረዶ ላይ ለሚንሸራተት እሱ ይሻላል። አጭሩ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ ቀለል ይላል። የትኛውም ይሁን፣ ከጃኬታችሁ ጋር ለብሳችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። አንጓችሁ ከታየ በረዶ የሚገባው በዚያ ነው። የእጅ አንጓ ማሰሪያ ገመድ ያለውን ምረጡ፤ ከሊፍት ላይ የወደቀ ጓንት ታች ገደል ውስጥ ነው የሚቀረው።

6. ለተራራ መውጣት አንድ ጓንት አይበቃም

ስኪ ላይ ሲበርዳችሁ ገብታችሁ ትሞቃላችሁ። ሲያትል አጠገብ ያለው ሬኒየር ተራራ ወይም ኪሊማንጃሮ ላይ መግቢያ የለም። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ይያዛል። አንዱ ስስ የሱፍ ወይም የሲንቴቲክ ጓንት ነው፤ ዳገቱን ስትወጡና ስታልቡ የሚለበስ። ሁለተኛው ውሃ የማያስገባ፣ የበረዶ መጥረቢያ በደንብ የሚያስይዝ መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ለጫፉና ቆሞ ለመጠበቅ የሚሆን ትልቅ ሚተን ነው፤ ስሱን ሳታወልቁ ከላይ የሚገባ መሆን አለበት። ኪሊማንጃሮ የሚወጡ ሰዎች የመጨረሻውን ጉዞ የሚጀምሩት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። 5,895 ሜትር ላይ ሲደርሱ ጎህ ይቀዳል፣ ከባዱ ብርድ የዚያን ሰዓት ነው።

የኪስ ማሞቂያ ከረጢት ጥሩ ተጨማሪ ነው። ግን የሚሠራው የብረት ብናኝ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ስለሆነ ከፍታ ላይ ይዳከማል። እሱን ተማምናችሁ ቀጭን ጓንት አትያዙ።

ጣታችሁ ደንዝዞ ስሜት ካጣ ወይም ቆዳው እንደ ሰም ከደረቀ የውርጭ ጉዳት እየጀመረ ነው። ‘ቆዳው ይነጣል’ የሚለው ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል መደንዘዙን ተከተሉ። እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ከነፋስ ሽሹ። በበረዶም በእጅም አትሹት። ስሜቱ ካልተመለሰ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

7. ከገዛችሁ በኋላ

ሂተር ላይ አታድርቁት። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሽፋኑም ይላቀቃል። ክፍል ውስጥ አንገቱን ከፍታችሁ ስቀሉት። ቆዳውን በዓመት አንዴ ሁለቴ የንብ ሰም ያለበት ቅባት ቀቡት። ጨርቁ ውሃ ማንከባለሉን ትቶ መጠጣት ከጀመረ፣ ውሃው ውስጥ ባይገባም የእጃችሁ ላብ መውጫ ያጣል። ያኔ እጥበትና ውሃ ከልካይ ስፕሬይ ያስፈልገዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሱቆች የክረምት ዕቃ ላይ ቅናሽ የሚያደርጉት ወቅቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከመጋቢት ወዲህ ነው። ለቀጣዩ ዓመት ያኔ ግዙ። የልጆችን ግን ተዉት፤ እስከዚያ እጃቸው ያድጋል።