ቴርሞስታቱን ከመርገማችሁ በፊት፦ ቤት በሚሠራ የእንቁላል መፈልፈያ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ራሱ የሠራው መፈልፈያ እምቢ ያለው ሰው ሲመጣ የሚለው አንድ ነው። «ቴርሞስታቱ አይሠራም፣ ሌላ ልግዛ?» አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ምንም አልሆነም። የታዘዘውን እየሠራ ነው። ቴርሞስታት ሙቀቱን እየለካ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ነው፤ እዚህ የማወራው በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ስለሚገኘው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ሰሌዳ፣ ደብሊው 1209 ስለሚባለው ነው። የሌሎቹም ጠባይ ብዙ አይለይም።

ሴንሰሩን አምፖሉ አጠገብ ማንጠልጠል

ይሄን መናገር ሰልችቶኛል፣ ግን አሁንም እናገራለሁ። ሳጥኑ ሲከፈት ሴንሰሩ፣ ሙቀት የሚለካው ባለ ሽቦ ጫፍ፣ ከአምፖሉ አንድ ጣት ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ለምን ስትሉ «ሙቀቱን ቶሎ እንዲያውቅ ብዬ» ይላችኋል። ማወቁንማ ያውቃል! አምፖሉ በበራ በደቂቃ ውስጥ 37.7 ያነብና ቀጭ ብሎ ያጠፋል። እንቁላሉ ያለበት ጥግ ግን ገና 34 ላይ ነው። ባለቤቱ ስክሪኑን እያየ ደስ ብሎት 21 ቀን ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ ጫጩት የለም። ከዚያ አውራ ዶሮው ይወቀሳል፣ እንቁላል የሸጠችው ሴትዮ ትወቀሳለች፣ በመጨረሻም የእኔ ቢጤው ላይ ይመጣል።

ስክሪኑ የሚነግራችሁ የሳጥኑን ሙቀት አይደለም። የዚያችን የብረት ጫፍ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፏ እንቁላሉ ያለበት ትሂድ። ከፍታዋ ከእንቁላሉ አናት እኩል ይሁን፣ ግድግዳውንም እንቁላሉንም አትንካ። የአምፖሉ ብርሃን በቀጥታ ካረፈባት አየሩ ሳይሞቅ እሷ ትሞቃለች፤ በመካከላቸው ቁራጭ ቆርቆሮ አቁሙ። ሽቦው አጠረኝ አትበሉኝ። ይቀጠላል። ሴንሰሩ ባለ 10 ኪሎ ኦህም ስለሆነ የሁለት ሜትር ሽቦ ጭማሪ ንባቡን የሚለውጠው ነገር የለም። መጋጠሚያውን ብቻ በደንብ በይዱና በቴፕ ሸፍኑት፤ እርጥበት ከገባበት ቁጥሩ መዋዠቅ ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ሦስት ኤል ተደርድሮ ካያችሁ ደግሞ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ላላ ማለት ነው።

ፋኑን ከአምፖሉ ጋር ማሰር

ፋኑና አምፖሉ በአንድ ሪሌ (ሰሌዳው ላይ ቀጭ እያለ መስመሩን በሚያገናኘውና በሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ከታሰሩ አምፖሉ ሲጠፋ ፋኑም ይቆማል። ሙቁ አየር ላይ ይቀራል፣ ታች ይቀዘቅዛል። ፋኑ ከአዳፕተሩ በቀጥታ ይያዝና ቀን ከሌት ይዙር። ጭራሽ ፋን ከሌላችሁ ልኩም ሌላ ነው። በፋን 37.5 እስከ 37.7 ይበቃል፤ ያለ ፋን በእንቁላሉ አናት ላይ ከ38.3 እስከ 38.9 ያስፈልጋል።

በፈላ ውሃ ማስተካከል

ዩቲዩብ ላይ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ሴንሰራችሁን በዚያ አስተካክሉ» የሚል አይታችሁ አዲስ አበባ ላይ ከሞከራችሁት ተሸወዳችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደህናውን ሴንሰር «ስምንት ዲግሪ ይሳሳታል» ብሎ ቆሻሻ ውስጥ የከተተ ሰው አውቃለሁ። አዲሱም 92 ሲልበት ጊዜ ነው የደወለው።

ደግሞስ 92 ምን ያደርግልናል? እኛ የምንፈልገው 37.7 ላይ እውነቱን እንዲናገር ነው። ለዚያ የሚሆን መለኪያ ፋርማሲ ሞልቷል፤ የትኩሳት መለኪያ። ኩባያ ውስጥ 38 ዲግሪ ገደማ የሆነ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። የሴንሰሩን ጫፍና የመለኪያውን ጫፍ በላስቲክ አንድ ላይ እሰሩና ንከሯቸው፣ ውሃውን በቀስታ አማስሉ። መለኪያው ጢጥ ሲል ያኔውኑ የስክሪኑን ቁጥር ያዙ። ቆይታችሁ ካነበባችሁ አይሆንም፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ መለኪያው ግን ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ይቆማል። መለኪያው 37.9፣ ስክሪኑ 37.2 ካለ ልዩነቱ 0.7 ነው። ሴት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፣ የንባብ ማረሚያው ፒ4 ላይ 0.7 ጨምሩ። አለቀ።

እዚያው ሜኑ ውስጥ ሳላችሁ ሁለት ነገር እዩ። ፒ0 «ኤች» ላይ ይሁን፣ ማሞቂያ ማለት ነው፤ «ሲ» ማቀዝቀዣ ነው፣ ብዙ ጊዜም በእሱ ተቀምጦ ይመጣል። በዚያ ከተዋችሁት ሳጥኑ በሞቀ ቁጥር አምፖሉ ይበራላችኋል። ፒ1 ደግሞ 2 ሆኖ ነው የሚመጣው። ይሄ ማለት አምፖሉ 37.7 ላይ ከጠፋ 35.7 እስኪወርድ አይበራም። 0.3 አድርጉት። ጎበዝ ነኝ ብላችሁ 0.1 ካደረጋችሁት ሪሌው ያለ ዕረፍት ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ሪሌውን ማመን

ሪሌ ሲያረጅ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለው። አንዱ አለመብራት ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ሌላው ውስጡ ያሉት ብረቶች ተበይደው መለያየት እምቢ ሲሉ ነው። አንድ ደንበኛ ሌሊት ላይ ደውሎ «43 ይላል፣ አልጠፋ አለኝ» አለኝ። ሰሌዳው ላይ ያለችው ቀይዋ መብራት በርታለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጠፍታለች። እንግዲህ ሰሌዳው «አጥፋ» ብሏል፣ ሪሌው ነው ያልሰማው። እንቁላሉ በ16ኛ ቀኑ ነበር፤ አንዱም አልተረፈም።

ይቺን ቀይ መብራት ማንበብ ልመዱ። ጠፍታ አምፖሉ ከበራ ሪሌው ተጣብቋል፤ በስክሪውድራይቨር እጀታ መታ መታ ስታደርጉት ቢላቀቅም አትመኑት፣ ቀይሩት። በርታ አምፖሉ ከጠፋ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ለቋል። መድኅኑ ሁለተኛ ቴርሞስታት ነው። ፋን ካላችሁ 38.8 ላይ አስተካክሉት፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደው መስመር በሁለቱም ሪሌ በተከታታይ ይለፍ። አንዱ ቢጣበቅ ሌላው ይቆርጣል። አምፖልም ሁለት ይሁን፣ አነስ አነስ ያለ፤ አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው ያድራል። ኤልኢዲ አምፖል ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን ሙቀት የለውም። እባካችሁ።

አጫጭሮቹ

220ን የ12 ቮልት መግቢያ ላይ አትሰኩ። ሰሌዳው ላይ ኬ0 እና ኬ1 የተባሉት የሪሌው መጋጠሚያዎች ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ናቸው፣ ራሳቸው ኤሌክትሪክ አይሰጡም። የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ነው፤ ስክሪኑ ቢበራም ሪሌው አይስብም። አምፖሉ ሊበራ ሲል ስክሪኑ ጠፍቶ ከተመለሰ አዳፕተሩ ደክሟል። ሰሌዳውን ሳጥኑ ውስጥ አትክተቱ፤ ውስጡ ውሃ ያለበት፣ እርጥበቱም ከ50 በመቶ በላይ የሆነ ቦታ ነው። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሪሌው ጠፍቷል ማለት መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ክዳን ከፍቶ ማየት ይቅር። ብርድ ልብስ ደርቡበት፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈኑ። ጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝን ሽሉ ይችለዋል፣ መጋልን ነው የማይችለው። መብራት ሲመጣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስታዩ «ቶሎ ይሙቅ» ብላችሁ ልኩን ወደ 39 አትስቀሉ። አምፖሉ የሚያሞቀው በዚያው ፍጥነቱ ነው። ልዩነቱ ረስታችሁት ስትተኙ 39 ላይ ማደሩ ነው።