ክረምት ሳይገባ የሞተር ልብሳችሁን አዘጋጁት

ከደሴ ኮምቦልቻ በሞተር የምትመላለሱ ሐረጎን ታውቋታላችሁ። ላይ ጭጋግና ካፊያ፣ ታች ፀሐይ። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም፤ በአንድ ቁልቁለት ሁለት አየር ነው የምትቀያይሩት። ወደ ኩታበር ወይ ወደ ወገል ጤና ለምትወጡማ ስለ ብርዱ እኔ አልነግራችሁም። ደግሞ የወሎ ደጋ በልግም አለው፣ ስለዚህ ሐምሌን ጠብቆ መሯሯጥ አያዋጣም።

ዝናብ ያስገባ ልብስ ከመርጠብ ያለፈ ጣጣ አለው። በረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲመታ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን በጊዜ አይዝም። ነገሩን አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ሥራ እቤት የሚሠራ ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ልብስ ምን እንደሆነ እወቁ። ቆዳ ነው? ጨርቅ ነው? ላስቲክ ነው? ለቆዳ የሚበጀው ጨርቁን ያበላሻል። በተለይ ከሰልባጅ የተገዛ ጃኬት ከሆነ ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ አንብቡት። ጎርቴክስ ወይም ተመሳሳይ ስም ካለበት ከላይኛው ጨርቅ ሥር ውሃ የማያስገባ፣ ላብ ግን በእንፋሎት የሚያስወጣ ስስ ሽፋን አለ ማለት ነው።

ታዲያ ጨርቁን ፈትኑት። ትከሻው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው ድብልብል ብሎ ተንከባልሎ ከወረደ ምንም አልሆነም። ተዘርግቶ ጨርቁ ጠቆር ካለ ግን ላዩ ውሃ መጠጣት ጀምሯል። ያኔ ውስጡ ያለው ሽፋን ባይቀደድም ላቡ መውጫ ያጣል፣ ሰውየው በራሱ ላብ ይረጥብና «ይሄ ጃኬት ያስገባል» ብሎ ይጥለዋል። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የጎደለው በደንብ መታጠብ ብቻ ነው። አቧራ፣ የጭስ ጥላሸት፣ ላብና የሳሙና ቅሪት ጨርቁ ላይ ሲከማቹ ውሃ ይስባሉ።

አስተጣጠቡ ግን እንደ ሌላ ልብስ አይደለም። የክርንና የትከሻ መከላከያዎቹን አውጡ፣ ዚፑን ዝጉ። ለብ ባለ ውሃ፣ 30 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ በእጅ ወይም በስፖንጅ እጠቡት። የዱቄት ሳሙና ቅሪት ይተዋል፣ የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ጭራሽ ውሃ እንዲጠጣ ያደርገዋል፣ በረኪና አይታሰብም። አረፋው ካለቀ በኋላም እንደገና አለቅልቁት፣ እዚህ ላይ አትስነፉ። አትጭመቁት፣ ሰቅላችሁ ይንጠብጠብ። ሲደርቅ፣ ጽሑፉ መተኮስን ካልከለከለ፣ ስስ ጨርቅ ደርባችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ካውያ አሳልፉበት። ፋብሪካው የቀባው ውሃ ገፊ ነገር በሙቀት ነው የሚነቃው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ብቻ ለጨርቅ የተሠራ ውሃ መከላከያ ስፕሬይ ፈልጉ። ሰም ወይም ቅባት እንዳትቀቡት፣ ላቡ የሚወጣበትን ይደፍነዋል።

ቆዳ ሌላ ነው። ቆዳ ቅባት ይወዳል፣ ግን በልክ። ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ስፌቱን ይበላል፣ ለሰውነትም ጥሩ አይደለም፣ ተዉት። የሚሻለው ንጹሕ የንብ ሰምና የጉሎ ዘይት ነው። ሰሙን ከገበያ ታገኙታላችሁ። አንድ እጅ ሰም፣ ሦስት እጅ ዘይት በጣሳ አድርጉና ጣሳውን ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ ድስቱን ጣዱ። ጣሳውን እሳቱ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፣ የጋለ ሰም ይቀጣጠላል። ሰም ስልሳዎቹ ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ውሃው መንተክተክም አያስፈልገውም። ቀልጦ ሲዋሐድ አውርዱት፣ ሲቀዘቅዝ ቀጭን ሞራ መስሎ ይረጋል።

ከመቀባታችሁ በፊት ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቀለሙን ሊያጠቁረው ስለሚችል መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከኮሌታው ሥር፣ ሞክሩት። ከዚያ በጣት ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየወሰዳችሁ በክብ እሹት፣ ስፌቱ ላይ ደገም አድርጉ፣ አሳድራችሁ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። ፀጉራም ለሆነው ለስላሳ ቆዳ ይሄ አይሆንም።

ውሃ ግን የሚወደው ቀዳዳ ነው። ስፌት፣ ዚፕ፣ አንገት፣ እጅጌ። ስፌቱን ለመፈተን ከውስጥ ሶፍት አንጥፋችሁ ከላይ ቀስ እያላችሁ ውሃ አፍስሱ፣ ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያ ላይ ከውስጥ በኩል ለጨርቅ የሚሆን፣ ሲደርቅ የሚለጠጥ ማጣበቂያ በስሱ ቀቡ። የሚደርቅና የሚሰነጠቅ ዓይነት ከሆነ ከርሞ ያስገባል። ዚፑ ላይ ሻማ አሹበት፣ ይቀለጥፋል፣ ውሃም በመጠኑ ይመልሳል።

ላስቲክ የዝናብ ልብስ ከላይ መደረብ በጣም ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን የሚንዘላዘለውን ኬፕ ለእግረኛ ተዉት። ካቴና ወይም ጎማ ከያዘው ያስወድቃል። ሱሪና ጃኬት የሆነውን ምረጡ፣ ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይሁን፣ ቦቲው ውስጥ ከገባ ውሃውን እየመራ ያስገባላችኋል። የእጅጌውን ጫፍ ጓንቱ ላይ አልብሳችሁ እሰሩት። እግራችሁንም ከማርሚታው አርቁ፣ ላስቲክ ሲነካው ወዲያው ነው የሚቀልጠው።

የሄልሜት መስታወት በቤንዚን ወይም በአልኮል አይጠረግም፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ከውስጥ እንዳይደበዝዝ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀብታችሁ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ ወልውሉት።

እንግዲህ ረጥባችሁ ገባችሁ እንበል። በደሴ ክረምት የሚደርቅ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፣ ከሰል ዳር ማስጠጋት ያጓጓል። አታድርጉት። እርጥብ ቆዳ እሳት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ጓንቱንና ቦቲውን በጋዜጣ ሞልታችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩት። ጃኬቱን ሚስማር ላይ አትስቀሉት፣ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ ይሁን። ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት ይሻግታል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጃኬቱ ምንም ቢታመን መንጃ ፈቃዳችሁን፣ ሊብሬውንና ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉ። የውጭ ኪስ ውሃ ይይዛል።