የአልማ ቶማስን ሥዕሎች እንዴት እንይ?

አብስትራክት ሥዕል (የነገሮችን መልክ እንዳለ የማያሳይ ሥዕል) ፊት ቆሞ «አሁን ይሄ ምንድነው?» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አልማ ቶማስ ላይ ግን እንዲህ እንዳታደርጉ። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ በተለይ፣ ይህች ጥቁር አሜሪካዊት ሰዓሊ ሩቅ ሰው አይደለችም፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት በሾው ሰፈር 35 ዓመት ታዳጊዎችን ሥዕል ስታስተምር ኖራለች።

ሥዕሎቿን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት ታሪኳን ትንሽ እወቁ። በ1891 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ተወለደች። በ1924 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል የመጀመሪያዋ ተመራቂ ሆነች፤ የእኛው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ኋላ ላይ ያስተማረበት ሃዋርድ ማለት ነው። በ1960 ጡረታ ወጣች፣ ዛሬ የምትታወቅበትን አሳሳል ያገኘችውም ከዚያ በኋላ ነው። በ1972 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ውስጥ ሥራዎቿን ለብቻዋ ስታሳይ ይህን ዕድል ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ዕድሜዋ 80 ነበር! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ይህን ያህል ችሎታ እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ ያን ሁሉ ዘመን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ብዙ ሥራዎቿ ያሉት ዲሲ፣ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ሁሉም ሥዕል ሁሌ ስለማይሰቀል ግን የትኛው እንዳለ ድረ ገጹ ላይ አስቀድማችሁ እዩ።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የ1970ውን «ግርዶሽ» እንውሰድ። ከመሃል ፈንጠር ያለ ጠቆር ያለ ክብ አለ፣ ዙሪያውን ቀለበት በቀለበት ቀለም ከቦታል። ከሩቅ ብርሃኑ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ከዚያ ቅረቡ፣ ጥበቃው እስከሚፈቅድላችሁ ድረስ። እያንዳንዱ ቀለበት በአጫጭር የብሩሽ ምት የተሠራ ነው፤ ልክ እንደ መሶብ ስፌት ዙሩን እየተከተለ ይሄዳል። በምቶቹ መካከል ነጩን ክፍተት ፈልጉ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንዳንድ ሥዕሎቿ ላይ የእርሳስ መስመሯም ይታያል። ስልክ ይህን አያሳይም፣ ስለዚህ ፎቶው ይቆያችሁ፣ መጀመሪያ በዓይናችሁ ጥገቡ።

ርዕሱን መጨረሻ ላይ አንብቡ። ቀድማችሁ ካነበባችሁ አበባና ፕላኔት ፍለጋ ትገባላችሁ። እውነት ነው፣ መነሻዋ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው፦ የአትክልት ቦታ፣ በቤቷ መስኮት የምታየው ዛፍ፣ ወደ ጨረቃ የተደረጉት የአፖሎ ጉዞዎች። ግን ያየችውን እንዳለ አልገለበጠችም፣ ቀለሙን ወስዳ ነው የሠራችው።

«ቀይ አዛሊያዎች ሮክ ኤንድ ሮል ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ» የሚለው (አዛሊያ የአበባ ዓይነት ነው) ተሰቅሎ ካገኛችሁ ጊዜ ስጡት። የ1976 ሥራ ነው፣ ሦስት ሸራ ጎን ለጎን፣ ስፋቱ 4 ሜትር ገደማ። እጇን የመገጣጠሚያ ሕመም እያሠቃያት ነው ይህን የሠራችው። ከግራ ጀምራችሁ በዝግታ ወደ ቀኝ ተራመዱ፣ ቀዮቹ ቁርጥራጮች የት እንደሚጠጋጉና የት እንደሚሳሱ እያያችሁ። ሰዓት ካጠረባችሁ ሌላውን ትታችሁ እሱን ብቻ እዩ።